የምስጢር ቁጥር ደብተር

ዛሬ ከፖለቲካው መንደር ፈቀቅ ብዬ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ስልክ ላወጋችሁ ነው የተነሣሁት። ምን ያህል እንደራቅሁ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

የነገሩ መነሻ የመምህራን ክበብ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስተምር አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ሰው ወዳድና ጨዋታ አዋቂ ነው፣ በሙያው ጉዳይ ግን ድንጋይ ነው። አንድ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት በኢሜይል የተላከልኝን ቅጽ ብከፍተው አማርኛው ተበታትኖ፣ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት የተደባለቀበት ጉድ ሆኖ አገኘሁትና ክበብ ገብቼ አማረርሁ። ወዳጄ ከቡናው ቀና እንኳ ሳይል «ፎንቱን ጫነው» አለኝ። የትኛውን ፎንት? ከየት አምጥቼ? «ዶክተር አይደለህ እንዴ? ፈልገህ አግኘው» አለና ሳቀ። አስከትሎም እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣውን ነገር ተናገረ፤ «ኮምፒውተር ሊጠቀም የሚፈልግ ሰው ስለ ኮምፒውተር ማወቅ ግዴታው ነው። መኪና የሚነዳ ሰው መንጃ ፈቃድ ያወጣ የለም ወይ?»

ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ግማሽ ቀን ከታገልሁ በኋላ ሦስተኛ ዲግሪዬን ታቅፌ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ለምኜ አስጫንሁት። መልሱን ያገኘሁት ቆይቼ፣ ከወደ መተማ ነው።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለጥናት ወደ ምዕራብ ጎንደር ወረድሁ። ወረድሁ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎንደር ተነሥቶ አዘዞንና አይከልን ያለፈን ሰው መንገዱ ቁልቁል ይወስደዋል፤ ገንዳ ውኃ ሲደርስ ጋቢው ሸክም ይሆንበታል፤ ኮኪትን አልፎ መተማ ዮሐንስ ሲገባ ደግሞ ጥላ ዋጋ ያለው ሸቀጥ መሆኑ ይገባዋል። ወቅቱ የሰሊጥ አጨዳ ማብቂያ ነበር። ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም፤ በቀኑ ካላጨዱት ራሱን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፈዋል። ስለዚህ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ፣ ባለ መሬቱ፣ ደላላው፣ የአይሱዙ ሾፌሩ ሁሉም ይጣደፋል። መቼም መተማ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አጼ ዮሐንስን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው የሞቱባት፣ ስማቸውንም ይዛ የቀረች ከተማ ናት። ለእኔ ግን ሁልጊዜ የምትታየኝ እንደ ኬላ ነው፤ ወደ ሱዳን የሚወጣም ከሱዳን የሚገባም ነጋዴ ለዘመናት ቀረጥ የከፈለባት ደጃፍ። ኬላ የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ለመጠይቁ የያዝነው ታብሌት ነበር፤ የወረቀት ዘመን አብቅቷል ተብለናል። ታብሌቱ ግን ለመተማ የተሠራ አልነበረም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ሞቆኛል ብሎ ይዘጋል። ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛ ብንመልሳቸውም ቀን የሚሞላበት ሳጥን የፈረንጁን አቆጣጠር ካልሆነ አይቀበልም። ገበሬውን «ሰሊጡን መቼ አጭደው ጨረሱ?» ስንለው «ከኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን ቀደም ብሎ» ይለናል። ይህ ምንም የማይጎድለው መልስ ነው፤ ኅዳር 10 ማለት ነው። መረጃ ሰብሳቢው ልጅ ጣቱን እየቆጠረ ኅዳር 10ን ኖቬምበር 19 እስኪያደርግ ድረስ ግን ገበሬው ትዕግሥቱ አልቆ ወደ ክምሩ ይሄዳል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው እንዲህ ያለውን እንግዳ ነው።

በነገራችን ላይ መተማ ላይ ሰዓት ማወቅም ሌላ ጉድ አለበት። ሱዳን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ሰዓቷን ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ድንበሩ ዳር ያለ ስልክ የጋላባትን ማማ ሲይዝ ሳያስፈቅድ ሰዓቱን ይለውጣል። እንግዲህ መተማ ያለ ሰው ስልኩን አይቶ ሰዓት ለማወቅ መጀመሪያ ስድስት ይቀንሳል፤ ቀጥሎ የየትኛው አገር ማማ እንደያዘው ያጣራል፤ እንደ ሁኔታውም አንድ ይጨምራል። ቀና ብሎ ፀሐይን ማየት ይቀላል፤ ሰዉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ይህን ስል የቆላው ሰው ከመሣሪያ ጋር አይተዋወቅም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጎልማሳ ጥላ ሥር ተቀምጦ ክላሹን ፈታትቶ ጨርቅ ላይ ከዘረጋ በኋላ፣ ከእኔ ጋር እየተጫወተ፣ እጁን ሳያይ መልሶ ሲገጣጥመው አይቻለሁ። ይኸው ሰው ስልኩ ላይ የመጣችለትን መልእክት እንድከፍትለት ለመነኝ። የትራክተር ሞተር ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር ሾፌርም እዚያው አለ። እነዚህ ሰዎች የቴክኒክ እውቀት የላቸውም የሚል ካለ ሄዶ ይያቸው። ክላሽንኮቭን የሠሩት ሰዎች ያሰቡት ብዙ ሳይሠለጥን፣ በጭቃና በአቧራ ውስጥ ለሚተኩስ ወታደር ነው፤ ስለዚህም በማንም እጅ ይገባል። መሣሪያ ለተጠቃሚው ሲባል ሊቀል እንደሚችል ከሁሉ አስቀድሞ የሚመሰክረው ጠመንጃ መሆኑ ግን ያሳዝናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

እዚያ ሳለሁ ያስተናገዱኝ አንድ አዛውንት ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ አገሬው እንደሚጠራቸው «አያ» ልበላቸው። በልጅነታቸው ጭልጋ ውስጥ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ለድቁና ጥቂት ሲቀራቸው ትዳርና መሬት ወደ ቆላ ያወረዳቸው ሰው ናቸው። ሌሊት ተነሥተው ዳዊታቸውን ሲደግሙ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ መጽሐፉን ሰጥተውኝ ብሞክረው፣ እኔ ዶክተሩ፣ ግዕዙ ሁለት መስመር ሳልሄድ ያዘኝ።

አንድ ምሽት ከሰው ለይተው ጠሩኝ። ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ባለ ቁልፍ ስልክ አወጡና «ልጄ፣ ይህችን አንብብልኝ፤ ፈረንጅኛ ናት» አሉኝ። ሰሊጣቸውን ሸጠው ገንዘቡ በስልክ ሒሳባቸው ገብቶላቸዋል። የየትኛው ድርጅት አገልግሎት እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም። መልእክቱን አነበብሁት፤ ደግሜም አነበብሁት። ከሒሳባቸው 9,500 ብር ወጥቶ ወደ አንድ ስልክ ቁጥር ተላልፏል ይላል። ከመጣ አምስት ቀን ሆኖታል።

«ለሰው ገንዘብ ልከው ነበር?» አልኋቸው።

«ለማን እልካለሁ?»

ቁጥሩን አሳየኋቸው። አኃዙን አሳምረው ያውቁታል። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የእኅቴ ልጅ ነው» አሉ።

ታሪኩ አጭር ነው። የእኅታቸው ልጅ መንገድ ዳር ሱቅ አለው። ሒሳቡን ያስከፈታቸው እሱ፣ ገንዘብ ሲገባ የሚነግራቸው እሱ፣ ሲያወጡም ቁልፉን የሚነካላቸው እሱ ነው። የምስጢር ቁጥራቸውን የመረጠላቸውም እሱ ነው። በማግሥቱ ሱቁ ገብቼ ስኳር ስገዛ ባንኮኒው ላይ ባለ 50 ሉክ ደብተር ተገልጦ አየሁ። በማስመሪያ ተሰምሯል፤ በግራ በኩል የሰው ስም፣ በቀኝ በኩል አራት አራት አኃዝ። ቁጥሩ የሚጠፋበት ደንበኛ ሁሉ ምስጢሩን እዚያ አስመዝግቦ ይሄዳል፤ እንደ አደራ ዕቃ። ልጁ ዓይኔ ደብተሩ ላይ ማረፉን ቢያይም አልሸሸገውም። ምን ያሸሽገዋል? ሰዎቹ ራሳቸው ለምነው ያስጻፉት ነው። ስለ 9,500ው ብር አጎቱ ሲጠይቁት «ዕቃ ላመጣበት ነው፤ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው» አለ። ምናልባትም እውነቱን ነው። በቆላው በሰሊጥ ሰሞን የማይበደርና የማያበድር የለም።

እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝና አያን ይዤ ወደ አገልግሎት መስጫው ቢሮ ሄድሁ። ሠራተኛዋ ትሑት ወጣት ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። ኮምፒውተሯን ተመለከተችና «አባቴ፣ የምስጢር ቁጥርዎ በትክክል ገብቶ ነው የተላከው። የላኩት እርስዎ ነዎት» አለቻቸው።

«እኔ አልላክሁም።»

«ይገባኛል አባቴ። ሲስተሙ ግን እርስዎ ነዎት ነው የሚለው።»

ከቢሮው ወጥተን ብዙ መንገድ ሳንነጋገር ሄድን። ከዚያ ድንገት ቆም ብለው «ብሩስ ይመለሳል፤ ልጁ የእኛው ነው። እኔን ያቃጠለኝ ሳልሰጥ ሰጥተሃል መባሌ ነው» አሉኝ።

ጎንደር ስመለስ ይህን ቃል ይዤ ነው የተመለስሁት። የሕግ መምህር ለሆነ ባልደረባዬ ብነግረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን አውጥቶ አንቀጽ 1728ን አሳየኝ። በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ ማየት የተሳነው ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ቢፈርም ወይም የጣት አሻራውን ቢያኖር፣ ይህን ተግባር የማረጋገጥ ሥልጣን ባለው አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም። አስቡት እንግዲህ። ከስድሳ ዓመት በፊት የወጣ ሕግ የማያነበውን ወረቀት የፈረመ ገበሬ ሊኖር እንደሚችል አስቦ ነበር፤ አስቦም ሸክሙን በገበሬው ላይ ሳይሆን ወረቀቱን ባቀረበው ላይ ጣለ። «ፊደል ተማርና ና» አላለውም። በስልኩ ቁልፍ ላይ ግን «እስማማለሁ» ሲባል አጠገብ የሚቆም ዳኛ የለም።

የፊደል ነገር ከተነሣ፣ በየወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ ዛፍ ሥር የጽሕፈት መኪና ዘርግቶ የሚቀመጠውን ራፖር ጻፊ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ባላገር ቃሉን ይነግረዋል፣ እሱ ይጽፍለታል፣ ይከፈለዋል። ብዙ ተዘባብተንበታል፤ አጋኖ ይጽፋል፣ ያለ ነገሩ «ክቡር ፍርድ ቤቱ» ያበዛል እያልን። አሁን ሳስበው ግን ከባለ ደብተሩ ጋር ሲነጻጸር ቅዱስ ነበር። ራፖር ጻፊው ቃልህን ይጽፍልሃል፤ አውራ ጣትህን ግን ይዘህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ባለ ደብተሩ አውራ ጣትህን ያስቀራል።

ይህን ሁሉ ለክበቡ ወዳጄ አጫወትሁት። ልቡ ተነክቷል፤ ሐሳቡ ግን አልተነቃነቀም። «በሽታው አለመማር ነው፤ መድኃኒቱም መማር ነው» አለኝ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ጠቀሰልኝ፤ ያኔ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ፊደል ከቆጠረ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ም ዩኔስኮ ከሸለመን፣ ለኮምፒውተርስ እንደዚያው ያለ ዘመቻ ለምን አይታወጅም?

ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እኔም መምህር ነኝና «አትማሩ» ብዬ አልሰብክም። የአያ ባለቤት በዚያ ዘመቻ ነው ፊደል የቆጠሩት። እስከ ዛሬ የልጅ ልጃቸውን ደብተር ገልጠው ያነባሉ። አንድ ጊዜ የተማሩት «ሀ» አርባ ዓመት ሙሉ «ሀ» ሆኖ አገልግሏቸዋል። የስልኩ ማውጫ ግን ዛሬ 3 ብለው የገቡበት በር በሚቀጥለው ዓመት 5 ይሆናል፤ የተማረው ሰው እንደ አዲስ ይማራል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እሳቸውም ባላቸውም የተማሩትን ፊደል ስልኩ አለመቀበሉ ነው። ለካ በአማርኛም ይሠራል! ቋንቋውን ለመቀየር የሚያስገባው በር ግን በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ዳዊት የደገመ ሰውና መሠረተ ትምህርት የጨረሰች ሚስቱ ባንድ ጀምበር መሃይም የተባሉት ስላልተማሩ ነው?

ወዳጄ «ፎንቱን ጫነው» ያለኝን አሁን ላምጣው፤ ምክንያቱም ይህ ክርክር በእኛው ፊደል ላይ አንድ ጊዜ ተካሂዶ የተፈረደበት ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት ፊደላችንን በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስፈር ሲደክሙ ፊደሉ ብዙ፣ ቁልፉ ጥቂት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊደሉ ለመኪናው በዛ፣ ይቀነስ፣ ይስተካከል የሚል ክርክር ስንት ዘመን ተካሄደ! መኪናው ይቀየር ያለው ግን ጥቂት ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ልጆቻችን ፊደሉን አስገቡት፤ ሆኖም እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱ አቀማመጥ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። የዚያ ዘመን አንባብያን ታስታውሳላችሁ፤ ድረ ገጽ ስትከፍቱ ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን ላይ ተደርድሮ፣ ከላዩ «ለማንበብ ፎንቱን ያውርዱ» የሚል ማስታወቂያ። ብዙዎቻችን ሰው እንዲያነብልን ጽሑፋችንን እንደ ፎቶግራፍ አድርገን እንለጥፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ከ300 በላይ የሆኑት ሆሄያት ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ፤ ስልኮቹም ተከተሉ። ዛሬ ገንዳ ውኃ ያለች የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ዩኒኮድ የሚባል ነገር መኖሩን ሳታውቅ በቴሌግራም ፊደሏን እያሳመረች ትጽፋለች። ሕዝቡ ፎንት መጫን ተምሮ አይደለም እዚህ የተደረሰው። ጥቂት ሰዎች ተጨንቀው ሸክሙን ከብዙኃኑ ትከሻ ላይ ስላወረዱት ነው። ለእኔ የተላከልኝ ቅጽ የተበላሸውም የቀድሞው ዘመን ሶፍትዌር በአንዳንድ ጠረጴዛ ላይ ገና በሕይወት ስላለ እንጂ እኔ ስለሰነፍሁ አይደለም። (ለወዳጄ ይህችን አሳዩልኝ።)

እንደዚህ ያለ እውቀት ትምህርት ሳይሆን ቀረጥ ነው፤ ኬላ ያልሁትም ይህን ነው። ነጋዴው ጨውና ሰሙን ይዞ ሲመጣ ኬላው የሚጠይቀው ስለ ጨው ያለውን እውቀት አይደለም፤ ሳትከፍል አታልፍም ነው። ቀረጥን አንዳንዱ ይከፍላል፣ አንዳንዱ ዘወር ብሎ ያልፋል፣ ብዙው ከደጅ ይመለሳል። ይህን ኬላ በፖለቲካውም አይተነዋል። ከ1997ቱ ምርጫ ማግሥት የተቋረጠው አጭር የጽሑፍ መልእክት እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ አልተመለሰም፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የፖለቲካ ብሎጎች ካገር ቤት እንዳይከፈቱ ታገዱ። እኔ ያኔ ወጣት ነበርሁና ፕሮክሲ የሚባለውን ቀዳዳ ከጓደኞቼ ተምሬ አነብ ነበር። በዚያ ዘመን ኩራት ይሰማኝ እንደነበር አልክድም። ዛሬ ሳስበው ያፍረኛል። እኔ ቀዳዳውን ስላወቅሁ አነበብሁ፤ አባቴ ስላላወቀ አላነበበም። ከእሱ ይልቅ ለአገሩ ጉዳይ የሚገባኝ ሆኜ ነበር?

መቅለል የሚቻል መሆኑን አገራችን ራሷ አሳይታለች። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የሚባል ነፃ የስልክ መስመር ከፈተ። ገበሬው ይደውላል፤ በቋንቋው የሰው ድምፅ ይመልስለታል፤ ስለ ማሳ ዝግጅት አንድን ይጫኑ፣ ስለ ሌላው ሁለትን ይጫኑ ይለዋል። ማንበብም፣ ኢንተርኔትም፣ ውድ ስልክም አይጠይቅም። በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ የተስተናገደበት ያለ ሥልጠና ነው። በዚያው ስልክ፣ በዚያው መስመር፣ ለዚያው ገበሬ «9,500 ብር ወደዚህ ቁጥር ሊላክ ነው፤ እርስዎ ነዎት?» ብሎ በአማርኛ የሚጠይቅ ድምፅ ማስገባት ምን ያህል ይከብድ ነበር? ወዳጄን ጠየቅሁት። አሰበና «አይከብድም» አለ። «ታዲያ?» ብለው «ማንም አልጠየቀማ» አለኝ። ከክርክራችን ሁሉ የረታሁት ይህችን ብቻ ይመስለኛል።

እሱም የረታኝ ነገር አለ። ተጠቃሚው ምንም ሳያውቅ ይጠቀም ማለት አይቻልም። ሌላው ቢቀር በስሙ ምን እየተደረገ እንደሆነ ሰው ማወቅ አለበት፤ ይህን የሚያውቅለት ሌላ ሰው ካስፈለገው ወደ ደብተሩ ተመለስን ማለት ነው። ሞተሩን አለማወቅ መብት ነው፤ የት እየተወሰድህ እንደሆነ አለማወቅ ግን አደጋ ነው። እነዚህን ሁለቱን እየቀላቀልን ነው ስንጨቃጨቅ የኖርነው።

በዚህ መሐል መንግሥት ቸኩሏል። ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተደረገ። የቆላው ትራክተር ያለ ናፍጣ አያርስም፤ ስለዚህ እውቀቱ የወደደ የሚማረው መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆነ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልልም የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ያን ጊዜ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ሆነ። ኢንተርኔት የማይጠይቀው የ«ኮከብ» እና የ«መሰላል» መንገድ ባይኖር ኖሮ፣ ባለ ቁልፏ ስልክ ባትኖር ኖሮ፣ ምን ይኮን እንደነበር ለእናንተው ልተወው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሥቶ የመተማ ኬላ በስደተኛ ተጥለቅልቆ ነበር። ባንክ በተዘጋበት በዚያ አገር ብዙ ሰው ዘመዱ የሚልክለትን ገንዘብ የሚያገኘው «ባንካክ» በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ነበር። ያለውን ሁሉ ስልኩ ውስጥ ይዞ ድንበር የሚሻገር ሰው የምስጢር ቁጥሩን በማን ደብተር ያስቀምጥ?

መንገዱ በእገታና በተኩስ ስለከፋ ከዚያ ወዲህ ወደ መተማ አልተመለስሁም። ከአያ ጋር ግን መስመር ሲገኝ እንደዋወላለን። ብሩ ተመልሶላቸዋል፤ በሁለት ጊዜ።

ያን ዕለት ከቢሮው ስንመለስ የሆነውን ሳልነግራችሁ አልቀርም። አንድ የግራር ጥላ አግኝተን አረፍ አልን። «የምስጢር ቁጥር» ያሏቸው ነገር ምን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ማን እንዳስረዳቸው ጠየቅኋቸው። ፒን ነው፣ ፓስወርድ ነው ከመባሉ በቀር ማንም አላስረዳቸውም። «አያ፣ እነዚህ አራት ቁጥሮች አውራ ጣትዎ ናቸው» አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ። አውራ ጣታቸውን ዘርግተው ተመለከቱት፤ ሰሊጥና ዶማ ያሻከረው ጣት ነው። «አሁን ገባኝ» አሉ። «ታዲያ ደብተር ላይ ትቼው መጣሁ በለኛ!»

እንዲቀይሩት ማውጫውን በአማርኛ አስተካክዬ ስልኩን መለስሁላቸው። ምን እንደሚያስገቡ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ፈገግ ብለው «ከዳዊት ላይ አገኘሁት፤ ይህን ማንም አያገኘውም» አሉ።

«ለእኔም አይንገሩኝ» አልኋቸው።

«ለአንተማ አልነግርህም። ፊትህን አዙር።»

ፊቴን ወደ ጋላባት አዞርሁ። ከኋላዬ ቁልፎቹ አንድ በአንድ፣ በረጅም ፋታ ሲጮሁ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ተሳሳቱ መሰለኝ፣ ከንፈራቸውን መጥጠው እንደገና ጀመሩ። ሲጨርሱ ስልኩን በላስቲኩ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱና «ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ብመለከት የማዶውን ሰዓት ይዟል። ስድስት ስቀንስ፣ አንድ ስጨምር አያ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ።

«አሥር ሰዓት ነው፤ እንነሣ» አሉኝ።